ምሥራች የመሰላት ደም

ሃሊሞ ደኅና ናት። ይህን ቀድሜ የምናገረው በሽተኛ አልጋ ላይ አስተኝቶ አንባቢን እስከ መጨረሻው የሚያስጨንቅ ጽሑፍ ስለማልወድ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ቀፊራ ገበያ ሄጄ ቁንዶ በርበሬ ከእሷ ስገዛ፣ ስንት ዓመት የኖርን ጎረቤታሞች መሆናችንን ረስታ አንዲት ፍሬ ምራቂ አልጨመረችልኝም። ታሪኩን የነገረችኝም፣ «ጻፊው፣ ሌላዋም ታንብበው» ያለችኝም እሷው ናት።

ገንደ ቆሬ ሠፈር አንድ ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው። ሃሊሞ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ቀጭን ናት፣ ምላሷ ስለት ነው፣ ሶማልኛውንና ኦሮምኛውን ከአማርኛው ጋር በአንድ ትንፋሽ ትቀላቅላለች። ባሏ ዐብዲገኒ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልጅ የላቸውም። ዘመዶቹ ሁለተኛ ሚስት እንዲያገባ ብዙ ወተወቱት፤ እንቢ አለ። ለምን እንቢ እንዳለ ግን ለማንም አልተናገረም፣ ለሃሊሞም ጭምር። የእኛ አገር ወንድ ቀኑን ሙሉ ሲቀልድ ይውላል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ማውጣት ሞት ይመስለዋል።

ሃሊሞ በበኩሏ ሰው የልጅ ነገር ሲያነሳባት በሳቅ ታሳልፈው ነበር። የወር አበባዋ የቆመ ሰሞን ግን ጥቂት ቀን ገበያ አልወጣችም። ጉንፋን ነው አለችን፤ እኛም አመንናት።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ደሙ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ያየችው ዐብዲገኒ ከመንገድ መጥቶ ቤቱ ባደረ ማግስት ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ትደነግጥ ነበር። ሃሊሞ ግን ደስ አላት። የነቢዩ ኢብራሂም ሚስት ሳራ በእርጅናዋ መውለዷን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ ለሳራ የሆነ ለእኔ ምን ይከለክለዋል ብላ አሰበች። ለባሏ ነገረችው። እሱም ጫት ቀነሰ፣ ከጅቡቲ ሲመለስም ቴምርና ማር መያዝ ጀመረ። ይህን ስታይ ተስፋዋ እጥፍ ሆነ። እኔ ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ማር እየላሱ ተቀመጡ እንጂ አንድ ሐኪም እንጠይቅ አላሉም።

ነገሩን መጀመሪያ የደረሰችበት ገበያ ላይ ከጎኗ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው ተሻለች ናት። ሃሊሞ በየቀኑ ለቀትሩ፣ ለዙህር ሰላት ስትነሳ «እያየሽልኝ» ብላ ቅመሟን ለተሻለች ትታ ነው የምትሄደው። ተሻለች ክርስቲያን ብትሆንም ከልማድ ብዛት የአዛኑን ሰዓት ከጓደኛዋ እኩል ታውቀዋለች። ያን ሰሞን አዛን ተብሎ ሃሊሞ ከመደቧ ሳትነቃነቅ ስትቀር ጊዜ ጠየቀቻት።

«ምነው፣ ዛሬም አትሰግጂም?»

«አልችልም» አለች ሃሊሞ ፈገግ ብላ።

«የወር አበባዬ ቆሟል ብለሽኝ አልነበር?»

«መጣ አባዮ። ልጅነቴ ተመለሰ።» አባዮ ስትል እህቴ ማለቷ ነው።

ተሻለች አልሳቀችም። እሷ ገና አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ዓመት ምንም ሳያማት ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመርምራ ነበር። የማኅፀኗን በር ኮምጣጤ ቀብተው ሲያዩት ነጣ ያለ ቦታ አገኙና እዚያው በሙቀት አክመው ላኳት። ካንሰር እንዳልነበረ፣ ቢተዉት ግን ሊሆን ይችል እንደነበር ነግረዋታል። ይህንኑ ለሃሊሞ ነገረቻት።

«እንሂድ፣ እኔ አብሬሽ እገባለሁ» አለቻት።

«ተይኝ አቦ፣ በሽታ አትጥሪብኝ።»

ሃሊሞ የፈራችው በሽታውን አልነበረም። ሐኪሙ «ልጅ የለም» እንዳይላት ነበር የፈራችው።

ረመዳን ገባ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፣ አትጾምም፤ ያለፋትን ጾም በኋላ ትከፍላለች። ሃሊሞም እንደዚያው አደረገች። ደሙ ግን አልቆም አለ። ከወሩ ግማሹ ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ እየጾመ እሷ ጓዳ ገብታ ውሃ መጠጣቷ ከበዳት። የሠፈሩን ሴቶች ቁርኣን ወደምታስተምረው ወደ ኡስታዛ ኩልሚዬ ሄደች። የሄደችው ስለ ጾሟ ልትጠይቅ ነው፤ ጤናዋ ትዝም አላላት።

ኩልሚዬ ደሙ ስንት ቀን እንደቆየ ጠየቀቻት።

«ከአሥራ አምስት ቀን አልፏል» አለች ሃሊሞ።

«የወር አበባ ከአሥራ አምስት ቀን አያልፍም አባዮ። ይሄ ኢስቲሓዳ ነው፣ የሕመም ደም። ታጥበሽ ትሰግጃለሽ፣ ትጾሚያለሽም።» ኩልሚዬ ቀጥላ «ሐኪም ጋ ግን ሳታድሪ ሂጂ» አለቻት።

ሃሊሞ የተሻለችን ምክር በሳቅ መመለስ ችላ ነበር። የሃይማኖቷን ቃል ግን በሳቅ መመለስ አይሆንላትም። በቀጥታ ወደ ቀፊራ ተመልሳ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለቻት ተሻለችን።

ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ስምረት ትባላለች። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ከባል ጋር ካደሩ በኋላ የሚታይ ደምም እንዲሁ፣ ችላ እንደማይባል ነገረቻት። መርምራትም ሲነካ የሚደማ ትንሽ ቁስል አገኘች፤ ናሙና እንዲወሰድላት ወደ ሆስፒታል ጻፈችላት።

«ከምን መጣብኝ?» አለች ሃሊሞ።

«እንዲህ ያለ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው የማኅፀን በርን ከሚያጠቃ ቫይረስ ነው። በግንኙነት ነው የሚተላለፈው።»

«እኔ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም።»

«ማንም አልጠረጠረሽም እኮ። ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ አብዛኛው ሰው ላይ ራሱ ይጠፋል። አንዳንዱ ላይ ግን ለብዙ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ማን ለማን እንዳመጣው አይታወቅም። ሴቶች ሳያማችሁ ተመርመሩ የምንለው፣ ትንንሽ ሴት ልጆችንም ትምህርት ቤት ድረስ ሄደን የምንከትበው ለዚህ ነው።»

ሆስፒታል የሰጠችው ናሙና ውጤት ሲመጣ ኢድ አልፎ ነበር። ዶክተር ነህምያ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ወጣት ሐኪም፣ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራት። የማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ ግን ትንሽ ነው፣ ከቦታው አልወጣም። ሐረር ሄዳ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት የመዳን ተስፋዋ ትልቅ ነው። ማኅፀኗ ግን ይወጣል።

ካንሰር የሚለውን ቃል ስትሰማ ሃሊሞ አላለቀሰችም። ማኅፀን የሚለውን ስትሰማ ነው ፊቷ የተለወጠው።

«አንድ ዓመት ስጡኝ» አለች።

«ለምን?»

«ምናልባት...» ብላ ተወችው።

ዶክተሩ ገባው። «ሃሊሞ፣ ይሄ ደም ልጅ የሚያመጣ ደም አይደለም። ካንሰሩን አሁን በቀዶ ጥገና ልናወጣው እንችላለን። ዓመት ከጠበቅን ግን ሊሰራጭ ይችላል፤ ያኔ በቀዶ ጥገና ብቻ የሚወጣ አይሆንም።»

«ባለቤቴ ይምጣ» አለችና ተነስታ ወጣች።

ያን ሳምንት ተሻለችም እኔም ለመንናት፣ ተቆጣናት። አልሰማችንም። ዐብዲገኒ ግን ስልክ ሲደርሰው ጭነቱን ለባልደረባው አስረክቦ መጣ። አመሻሽ ላይ ሲገባ እኔ ሾርባ ይዤላት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ልወጣ ስነሳ ሃሊሞ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ብቻዋን መሆን ፈርታለች። የፈራችው ምን እንደሆነ እኔም አውቀው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያልተነገረው ነገር ያን ማታ ሊነገር ነው።

እሱ ከመቀመጡ በፊት ጀመረች።

«ማኅፀኔን ሊያወጡት ነው። ሌላ አግባ። አልከፋብህም፣ ወላሂ። ላንተ አሁንም ልጅ ይደርስልሃል።»

ዐብዲገኒ የመንገድ አቧራውን እንኳ አላራገፈም። እንደዚያው መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

«ሃሊሞ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ከዚያ በረሃ ወደዚህ ቤት የምመለሰው ለልጅ ነው እንዴ? ልጅ መቼ ነበረን? ላንቺ ነው የምመጣው» አላት። «አንቺ ከሌለሽ የት ነው የምመለሰው?»

ሃሊሞ ሠላሳ ዓመት በሳቅ ስታሳልፈው የኖረችውን የልጅ ነገር ያን ማታ አለቀሰችው። ዐብዲገኒም አብሯት አለቀሰ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ለቀዶ ጥገናው ሐረር ወጡ።