ባለ ደብተሩ አታሚና ያልሞቱት ሠዓሊ

ሰፈሩ «ሙት ቆጣሪ» ይለዋል። ሥራው ግን ማተም ነው፤ ካላንደር፣ ፖስተር፣ የሰርግ መጥሪያ። ቅጽል ስሙን ያመጣችበት ደብተሩ ናት። በአገሩ ሕግ ሠዓሊ ከሞተ ሃምሳ ዓመት ካለፈ ሥዕሉ የሁሉም ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ያለ ፈቃድ ማባዛት ስርቆት ነው። ስለዚህ በአንዱ ዓምድ የሠዓሊውን ስም፣ በሌላው የሞተበትን ዓመት ይጽፋል። ሥዕል ይዞ የመጣን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሠዓሊው መቼ ሞተ?» ብሎ ነው። አንድ ጎረምሳ የገዛ ሥዕሉን ይዞ መጥቶ ይህን ቢጠየቅ፣ ደንግጦ እንደወጣ ቀረ። የአታሚው ባለቤት እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማንንም ሥዕል ሰርቆ አያውቅም። ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል።

ታዲያ የመጀመሪያ ልጁ ልታገባ ሆነ። ለመጥሪያዋ የመረጠችው የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ነው፤ ሁለት ልጃገረዶች በአንድ ጃንጥላ ሥር። በልጅነቷ መርፌ ስትወጋ ዓይኗን የምትጥለው እሱ ላይ ነበር። ጥጉ ላይ የሠዓሊዋ ስም አለ፤ ከተሣለ ስድሳ ዓመት አልፎታል። አባት የጤና ጣቢያውን ዘበኛ ጠየቀ። ዘበኛው ደግሞ «አላውቅም» ማለት ሞቱ ነው። «እሳቸውማ ሥዕሉን ሰቅለው ብዙም አልቆዩ፣ ነፍስ ይማር» አለው። ሌላ ጊዜ ሦስት ሰው ሳይጠይቅ የማያምነው ሰውዬ፣ የልጅ ነገር ሆነበትና በአንድ ምስክር ረካ። ዓመቱን በግምት መዘገበ፤ ሦስት መቶ መጥሪያ አተመ፤ ግማሹም ታደለ።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ገቡ። የሙሽራው ቤተሰብ ጎረቤት ናቸው፤ መጥሪያው በእጃቸው ነው።

«ልጄ፣ ይህን የሣለችው መቼ ሞተች?»

ጥያቄው የራሱ ስለሆነ ደስ አለው። ደብተሩን ገለጠ። «ከሃምሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ እማማ። ነፍሷን ይማር።»

«እንግዲያ ትናንት ጥርስ ያስነቀለችው ማን ናት?»

ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው። ጥግ ላይ ፖስታ ታሽግ የነበረችው ልጁ ፖስታውን አስቀምጣ ተነሣች። ሌባ ሆኛለሁ፣ መጥሪያውን ሁሉ ሰብስቤ አቃጥላለሁ አለ። ሌላ ለማተም ጊዜ እንደሌለ ሦስቱም ያውቃሉ። አሮጊቷ ግን መጥሪያውን ገልብጠው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ።

«መግደልህስ ይሁን፤ ስሜን ምን አድርጎህ ቆረጥከው?»

ከፖስታው እንዲገጥም ብሎ ነበር ጥጉን የከረከመው። የሠላሳ ዓመት ልማዱ ነው፤ የስንቱን ሟች ስም እንዲህ እንደከረከመ ያን ጊዜ ታወሰውና አፈረ።

እሳቸው ወደ ልጅቷ ዞረው ሙሽራዋ አንቺ ነሽ ወይ አሏት። ስሜ ከገባ ፈቅጃለሁ አሉ። አባትም በስማቸው ማህተም አስቀረጸና ሦስት ቀን ቤት ለቤት እየዞረ፣ የታደለውን መጥሪያ እየለመነ፣ ስማቸውን መታበት። ሰፈሩም «ሙት ቆጣሪው ሙት አስነሳ» ብሎ ተሳለቀ።

ደብተሩ ላይ ግምቱን እሳቸው ራሳቸው ሰርዘው፣ ከጎኑ «ስሞት ሰው ልኬ እነግርሃለሁ» ብለው ጻፉ። አሁን ሥዕል ሲመጣለት «ሠዓሊው የት ይገኛል?» ብሎ ይጀምራል። ወር በገባ ቁጥርም የታተመ ናሙና ላሳያቸው እያለ ወደ እሳቸው ቤት ይሄዳል። ዕድሜውን ሁሉ የሞት ዓመት ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ ያቺ አንዲት መስመር ሳትሞላ እንድትቆይለት ይመኛል።