ጋዝ ጠቋሚው ዜሮ ሲል

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በአንድ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር መጋዘን የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ሰው የድሬዳዋ ተወላጅ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ማንም ከመግባቱ በፊት በጋዝ ጠቋሚ መጋዘኑን የምፈትሸው እኔ ነበርኩ።

መሣሪያው ውስጥ የፕላቲኒየምና የፓላዲየም ቅይጥ የተቀባች፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ዶቃ አለች። ጋዝ ሲነካት ገጿ ላይ ይቃጠላል፤ ትግላለች፤ ቁጥሩ ይወጣል። ገጿን ሌላ ነገር ከሸፈነው ግን መሣሪያው ታወረ ማለት ነው። ይህን በሥልጠና ተምሬ ፈተናም አልፌበታለሁ።

በነሐሴ ሙቀት የበሩ ጎማ እየተጣበቀ ሲያስቸግረን ሦስት ቀን ሙሉ ሲሊኮን የሚባለውን ማለስለሻ ነፋሁበት። ጠቋሚው ቀበቶዬ ላይ እንደበራ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጭነት የሚጠብቅ መኪና ጥሩምባውን ሲያንባርቅብን፣ ጠቋሚው መሥራቱን በመሞከሪያ ጋዝ ሳልፈትሽ በበሩ ወደ ውስጥ አሾለክሁት።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሼ።

«ዜሮ ነው፣ ይግቡ።»

የጋዙን ሽታ አፍንጫችን ከለመደው ቆይቷል። ገብተው መብራቱን ሲያበሩ እሳቱ ከወለሉ ብድግ አለ። እግራቸውን ይዤ ጎትቼ አወጣኋቸው። «እጄን! እጄን!» ይሉ ነበር።

ሆስፒታል አድርሻቸው ስመለስ ጠቋሚውን በመሞከሪያ ጋዝ ፈተሽኩት። ዜሮ። ደገምኩት። ዜሮ። የሲሊኮኑ ትነት ዶቃዋ ላይ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ሸፍኗታል።

አለቃዬ «ሪፖርቱ ላይ መሣሪያው አርጅቶ ነው ብለህ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ሄጄ፣ ሁለት እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ለተኙት ጋሼ ሁሉንም ተናገርኩ።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ለማን ብለህ ነው የነገርከኝ? ለእኔ ነው ለራስህ?» አሉኝ።

በማግሥቱ ሪፖርቱን አስተካክዬ አስገባሁ፤ ከሥራም ተባረርኩ። እሳቸውን ልጆቻቸው መጥተው ድሬዳዋ ወሰዷቸው። የጋሼ ጣቶች ከእንግዲህ አይታጠፉም አሉ ሐኪሞቹ።

እኔ እዚያው ጅቡቲ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል አለሁ። በየሳምንቱ አርብ ድሬዳዋ ጋሼ ቤት እደውላለሁ። ባለቤታቸው ያነሣሉ፤ ድምፃቸው ክፉ አይደለም።

«ተኝተዋል» ይሉኛል። በጠዋትም ብደውል፣ በቀትርም ብደውል፣ ጋሼ ተኝተዋል።