ሲራጅ የተባለ የስፌት መኪና

አራዳ ገበያ አጠገብ፣ በአንድ ህንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ህንዱ ሥራ ሲቀዘቅዝበት እንግሊዝኛ ያስተምረኝ ጀመር። ጥቂት ቃል እንደያዝሁ ከኔ በላይ የተማረ ያለ አልመስልህ አለኝ፤ በአማርኛ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «የስ» እያልሁ እመልስ ነበር።

የፈረንጅ ደንበኛ እንዲመጣልኝ ሰሌዳ ላስጽፍ ተነሣሁ። ስሜ ሲራጅ ነውና፣ «ሲራጅ ልብስ ለመስፋት እዚህ አለ» ለማለት ነው ሐሳቤ። «ለመስፋት» በእንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ «ቱ ሶው»ም «ፎር ሶዊንግ»ም እንደሚባል ህንዱ ነግሮኛል። የትኛው መቼ እንደሚባል ሲያስረዳኝ ግን እኔ ጢሜን አበጥር ነበር። ረዘም ያለው የሊቅ ቃል መስሎኝ «ሲራጅ ኢዝ ፎር ሶዊንግ» አስጻፍሁ።

አንድ ቀን አንዲት እንግሊዛዊት ከበቅሎዋ ወርዳ ሰሌዳውን አነበበች።

«ሲራጅ ጥሩ ነው?» አለችኝ በቋንቋዋ።

«በጣም!» አልሁ ደረቴን ነፍቼ።

«አሮጌ ነው?»

ትንሽ ከፋኝ። «ገና ጎልማሳ ነው።»

«ድምፅ ያበዛል?»

«ሲርበው ብቻ።»

ግራ ገባት። «ላየው እችላለሁ?» ስትለኝ ብድግ ብዬ ኮቴን አስተካከልሁና ዞር ዞር አልሁላት። እሷ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ትፈልግ ጀመር።

ህንዱ እየሳቀ ከሱቁ ወጣ። «ሲራጅ የስፌት መኪና ስም መስሏት እኮ ነው! መቀስ ለመቁረጥ ነው፣ መኪና ለመስፋት ነው ስትል፣ ለዕቃው አገልግሎት ‹ፎር› ትላለህ። ሰው አንድ ነገር ሊያደርግ ሲመጣ ግን ‹ቱ› ነው። አንተ ራስህን ዕቃ አድርገህ አወጣኸው።»

ባለቤቴ ረሂማ ቁልፍ እየተከለች፣ «ምን አሉዎት?» አለችኝ። እያፈርሁ ነገርኋት።

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ? አንቱ ካልገፉዎት መች ይንቀሳቀሳሉ!»

እንግሊዛዊቷ ነገሩ ሲገባት እስክታነባ ሳቀች። እኔም እንደታረምሁ ላሳያት ብዬ፣ ጮክ አድርጌ «አይ አም ሂር ቱ ሶዊንግ!» አልሁ። ህንዱ ፊቱን በጣቃ ጨርቅ ሸፈነ።

ሌላ ቃል ሳላወጣ ረሂማ ተነሣች። መኪናውን የፈለገችው ለመጋረጃ ይሆን ብላ፣ በእጇ መስኮትና መጋረጃ ሠርታ አሳየቻት፤ ሴትዮዋም አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። እኔ «ቱ» ነው «ፎር» እያልሁ ስብሰለሰል ሁለቱ የመጋረጃውን ቁመት፣ ስፋትና ቀለም ተስማምተው ጨረሱ።

«ይኸን የጨርቅ ጫፍ ይያዙልኝ» አለችኝ ረሂማ። ያዝሁላት።