ዝግባው የወረደበት ማለዳ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ የሞተር መጋዝ ድምፅ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። በረንዳ ወጥቼ ወደ ታች ስመለከት፣ ከኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት ባለው ግቢ ያለውን ትልቅ ዛፍ ሊቆርጡ ሁለት ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለዋል። ያስደነገጠኝ ግን ዛፉ አይደለም። የጎረቤቱ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ፣ አንዱ ጋቢ ሌላው ጃኬት ደርቦ፣ ቀና ብሎ ዝም ብሏል። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ ቆሞ ማየት እስከ ዛሬ እፈራለሁ።

ያደግሁት መርካቶ፣ ከራጉኤል ጀርባ ነው። በግቢያችን መሃል አንድ ዝግባ ነበር። ሰፈሩ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ስለሆነ የማን ጣሪያ የት እንደሚያልቅ ባለቤቱም አያውቀውም፤ የኛ ዝግባ ግን ከሲኒማ ራስ በኩል ሲመጡ ከሩቅ ይታያል። “ዝግባው ያለበት ቤት” ከተባለ የማይጠቁም ተሸካሚ አልነበረም።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘነቡ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ከአንድያ ልጇ ከደረጀ ጋር ትኖር ነበር። ደረጀ እኔን በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። ዝግባው ላይ ወጥቶ ማፏጨት ልማዱ ነበር፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ትርጉሙ ራበኝ ማለት ነው። አክስቴ ከማድ ቤት ሆና “ውረድና ብላ፣ አንተ ጦጣ!” ትለዋለች። ጎልምሶ ፂም ካወጣም በኋላ አልተወውም። ከዚያ ወደ ሰሜን ዘመተ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነው የሚል ወሬ በሰው በሰው ይደርሰን ነበር፤ ቆየት ብሎ ወሬውም ጠፋ።

እኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ በተቃረብኩበት ዓመት ክረምቱ ክፉ ነበር። ዝግባው ወደኛ ቤት ዘመም አለ፤ ሥሩም ግድግዳችንን ሰነጠቀው። አባዬ መስከረም ሲጠባ ይቆረጥ ማለት ጀመረ። አክስቴ አሻፈረኝ አለች።

“ደረጀ ሲመጣ ቤቱን በምን ይለየዋል?”

“እትዬ፣ የተወለደበት ቤት ይጠፋዋል እንዴ?”

“ከጦርነት የሚመለስ ሰው ምን ረስቶ እንደሚመለስ በምን አወቅህ?”

አባዬ ክርክሩን ተወ። መልስ ያጣ ወንድ ደግሞ ተደብቆ መሥራት ይወዳል። ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ቀጠረ፤ ሥራው ዛፍ መጣል ነው፤ በጠባብ ግቢ ውስጥ ዛፍን ከላይ እየቆራረጠ በገመድ ማውረድ ያውቅበታል። ሰይድ ሁለት ነገር አጥብቆ ተናገረ። ሥራው ገበያው ሳይሞቅ፣ መንገዱ በተሸካሚና በጋሪ ሳይዘጋ በማለዳ ይጀመር፤ በዙሪያው ካሉት ቤቶች ውስጥም አንድም ሰው እንዳይቀር። ለአባዬ ይህ ተመቸው። አክስቴ በየማለዳው ለኪዳን ራጉኤል ትሄዳለች። እስክትመለስ ዛፉ እኩሌታው ይወርዳል፣ ከዚያ ብትጮህም ተመልሶ አይተከልም፣ ብሎ አሰበ።

ጥቅምት ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢና ነጠላውን ተከናንቦ በግቢያችን ጥግ ቆመ። ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ ወጣ። መጋዙ ሲገባበት የዝግባው ሽታ፣ ያ እርጥብና መራራ ሽታ፣ ግቢውን ሞላው። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ጥቂት ቅርንጫፎች እንደወረዱ ሰይድ መጋዙን አቆመ።

“ማነው የሚያፏጨው?” አለ ከላይ።

እርስ በርሳችን ተያየን። ያፏጨ ሰው የለም።

“አታፏጩ፣ ወላሂ ሥራ ላይ ነኝ!”

የዚያን ጊዜ የግቢው በር ተከፈተ። አክስቴ ነበረች። ብርዱ ጠንቶባት ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ከወትሮው ቀድማ ተመለሰች። ዓይኗ ያረፈው ዛፉ ላይ ሳይሆን እኛ ላይ ነው። በማለዳ የተሰበሰበ ጎረቤት፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ዝምታ። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን፤ ያፈርን ሰዎች ነን፣ አንገታችንን ደፋን። በሀገራችን ሰው እንዲህ ሆኖ የሚጠብቅህ ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ይባስ ብሎ አንዲት ጎረቤት ትወድቅ ይሆናል ብለው ሰግተው ሮጠው ክንዷን ደገፏት።

“ልጄን!” አለች።

ያን ጩኸት መግለጽ አልችልም። ከውጭ የሚያልፉ ተሸካሚዎች ሸክማቸውን አውርደው ገቡ። አባዬ እየተንተባተበ፣ “እትዬ፣ መርዶ አይደለም! ዛፍ ነው! ዛፍ ልንቆርጥ ነው!” ይላል።

“ለዛፍ ማን ጋቢ ለብሶ ይቆማል?” አለችው።

ሰይድ ከላይ ሆኖ የሚሆነውን አላየም፤ ቅጠሉ ጋርዶታል። “ኧረ በአላህ!” ብሎ ጮኸ። “ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም እያደረገ ጆሮዬ ሥር የሚያፏጨው ማነው?”

አክስቴ ለቅሶዋን አቋረጠች። ቀና ብላ ዝግባውን አየችው። ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ልጇን ለምሳ የምትጠራበትም ፊት ነበረበት። ከዚያ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

“ቁረጠው” አለች። “ከእንግዲህ ማንን ይጠብቅልኛል?”

“ገመዱ ነው፣ ገመዱ ነው ያፏጨው” ይል ነበር አባዬ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። ለቅሶውን ግን ሊያስቆመው አልቻለም። ሰው መሞቱ ሳይነገር የተለቀሰ ለቅሶ አይቼ የማውቀው ያን ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሟርት እንዳይሆን እየፈራ ንፍሮውን ቆረጠመ፣ አብሯት ተቀመጠ። እኔ ደረጀን እወደው ነበር፤ ግን ማልቀስ ፈራሁ፤ ካለቀስኩ የምገድለው እኔ መሰለኝ።

ወራት አልፈው፣ በጾም፣ በማለዳ እውነተኛው መርዶ መጣ። ሽማግሌዎቹ በሩን ሳያንኳኩ አክስቴ ከፈተችላቸው። ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም ነበር።

“አውቄዋለሁ፤ አልቅሼም ጨርሻለሁ” አለቻቸው። “ብርድ ነው፣ ግቡ።”

የሞተበትን ቀን አልጠየቅሁም። ዛሬም ምነው በጠየቅሁ አልልም።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ገመድ ያፏጫል፤ እርጥብ እንጨትም ያፏጫል። ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ለራሴ ይህንኑ እያልኩ፣ እጄ ግን ስልክ አንስቶ ድሬዳዋ የሚሠራው ልጄ ጋ ደወለ። 

“አባዬ፣ በዚህ ማለዳ ምን ሆነህ ነው?”

“ምንም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።”

ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። እታች መጋዙ ቆሟል፤ ሰዎቹ ከዛፉ ወርደው ዳቦ ይበላሉ፤ ገመዳቸው መሬት ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

“አጠገብህ የሚያፏጨው ማነው?” አለ ልጄ።

“ገመዱ ነው፣ ልጄ” አልኩት፤ አባዬም የዚያን ለት ይህን ሲል እንዴት እንደፈራ ያኔ ገና ገባኝ። ዘወር ብዬ ግን አላየሁም።