ትንሿን ካርታ የጣልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የክረምት ብርድ ልብስ ላወጣ ሣጥን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ ፊቴን መታኝ። ብርድ ልብሱን እንደያዝኩ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሌላው ሰው ናፍታሊን ሲሸተው ምን ትዝ እንደሚለው አላውቅም። እኔን ትዝ የሚለኝ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሶዶ፣ አራት ሆነን የምንከበው የሕንዶቹ ጠረጴዛ ነው።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ሶዶ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምሬ ነበር። አባቴ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው መንደራችን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እኔም እሑድ እሑድ እዚያው ለሕፃናት መዝሙር አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሕንዳዊው የሒሳብ መምህር ከባለቤቱ ጋር ይኖር ነበር። ሁለቱም ብሪጅ የሚባል የካርታ ጨዋታ ይወዳሉ። ብሪጅ ደግሞ ያለ አራት ሰው አይሆንም። ጎረቤታቸውን ጉራጌውን ልብስ ሰፊ አስተምረው ሦስት ሆነዋል።

አንድ ቀን የተማሪ ደብተር ላደርስ ስገባ ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ።

«ሚስ፣ አንተ መቁጠር ይችላል?» አለኝ መምህሩ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም ነበር።

«እችላለሁ።»

«እንግዲህ ተቀመጥ!»

ካርታ የማታውቅ ከሆነ አትጨነቅ፤ ብዙ አይደለም። ሁለት ሁለት ሆነው ይቧደናሉ። ለእያንዳንዱ ዐሥራ ሦስት ካርታ ይደርሰዋል። በየዙሩ አራቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፣ ከተጀመረው ዓይነት ትልቁን የጣለ ዙሩን ይወስዳል፤ ቀጣዩንም እሱ ይጀምራል። ካርታው ልብና ዳይመንድ የተባሉትን ጨምሮ አራት ዓይነት ነው፤ በየዓይነቱም ትልቁ አስ ነው፣ ቀጥሎ ንጉሥ፣ ቀጥሎ ንግሥት። ከጨዋታው በፊት አንዱ ተነሥቶ «ይህን ያህል ዙር እወስዳለሁ» ብሎ ቃል ይገባል። ቃል የገባው ሰው ጓደኛ ካርታዎቹን በሙሉ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና ከጨዋታው ይወጣል። ቃል የገባው ብቻውን የሁለቱንም ይጫወታል።

እኔን የያዘኝ ካርታዎቹ ከተዘረጉ በኋላ ያለችው ዝምታ ነበረች። መምህሩ ጣቱን ያነሣና «ምንም አትንካ። መጀመሪያ ቁጠር» ይላል። ግማሹን ታያለህ፣ ግማሹ ተደብቋል፤ ካየኸው ተነሥተህ ያላየኸውን ትገምታለህ። በሳምንቱ መካከል ክፍል ውስጥ ቆሜ እንኳ ባለፈው ቅዳሜ የተሸነፍኩት ለምን እንደሆነ አስብ ነበር።

ሶዶ ያኔ ትንሽ ናት፤ ወሬው መንደር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የሽማግሌው ልጅ ከወንዶች ጋር ቁማር ትጫወታለች ተባለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። ካርታ እያደልን ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ነው። ኮቱ ርሷል፣ ጃንጥላው እጁ ላይ ነው፣ ጫማው ቀይ ጭቃ ለብሷል። ተነሥቼ ቆምኩ።

«አዋ» አልኩት፣ እኛ ቤት አባት የሚጠራው እንዲህ ነው።

ባርኔጣውን አውልቆ ሁሉንም በአክብሮት ሰላም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ጠረጴዛው ሥር አየ። ሲቃና ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ነበር።

«ገንዘቡ የታለ?» አለኝ በወላይትኛ።

«ገንዘብ የለም፤ ቁማር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው የምትሠሩት?»

«እንቆጥራለን።»

ወንበር ስቦ ከኋላዬ ተቀመጠና «እስቲ ቁጠሪ» አለ።

እጄ የገባውን ካርታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ጥሩ ነበር። ከመምህሩ ባለቤት ጋር ነበር የተቧደንኩት፤ እኔም ከዐሥራ ሦስቱ ዘጠኙን ዙር እወስዳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ልብስ ሰፊው በልብ ዓይነት ጀመረ። እሷ ካርታዎቿን ዘርግታ ለአባቴ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። የዘረጋችው ስድስት ዳይመንድ ነበረው፤ አስና ንጉሡ፣ ከእነሱ ሌላ አራት ትናንሽ። የቀረው ሁሉ የማይረባ ነው። እኔ ጋ ዳይመንድ ሁለት ብቻ ነው ያለኝ፣ ሁለቱም ትናንሽ።

አልነካሁም። ቆጠርኩ። እጄ ላይ አራት እርግጠኛ ዙሮች አሉ። የዳይመንድ አስና ንጉሥ ሲጨመሩ ስድስት። ሦስት ይጎድላል። ሦስቱ ከእነዚያ ትናንሽ ዳይመንዶች ካልመጡ ከየትም አይመጡም።

የአባቴ እስትንፋስ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል። ከእርጥብ ኮቱ የእንጨት ጭስ ይሸታል። ጣቴ ወደ አስ ሊሮጥ ፈለገ። ትልቁ እያለህ ትልቁን ትጥላለህ፤ ሁሌም የምሸነፈው እንዲያ አድርጌ ነበር። ደግሜ አሰብኩ። ስድስትና ሁለት ስምንት፤ ከዐሥራ ሦስቱ ዳይመንድ አምስቱ ተቃራኒዎቼ ጋ አለ። ለአንዱ ሦስት፣ ለሌላው ሁለት ደርሷቸው ከሆነ በሦስት ዙር ያልቅባቸዋል። ነገር ግን አሱንና ንጉሡን አስቀድሜ ብጥል፣ ሦስተኛውን ዙር እነሱ ይወስዳሉ፤ ያኔ እኔ እጅ አንድም ዳይመንድ አይኖርም። ከሷ የቀሩት ሦስቱ ትናንሾች ወዲያ ማዶ ይቀራሉ፣ የምሻገርበት የለኝም።

እንግዲያስ አንድ ዙር መሸነፍ ካልቀረ አሁኑኑ፣ መሻገሪያ የምትሆነኝ ዳይመንድ እጄ ላይ ሳለች።

የልቡን ዙር በአስ ወሰድኩ። ቀጥዬ ትንሽ ዳይመንድ ጣልኩ፣ ከጠረጴዛውም ሌላ ትንሽ። አባቴ ከኋላዬ «ውይ!» አለ። ልብስ ሰፊው በንግሥት ወሰደና ሳቁን ለቀቀው።

«ንጉሡን ታቅፋ ቁጭ ብላለች እኮ!»

መምህሩ አልሳቀም። መነጽሩን አስተካክሎ ትኩር ብሎ አየኝ።

ልብስ ሰፊው እንደገና በልብ መጣ፤ የልብ ንጉሥ ስለነበረኝ ወሰድኩ። አሁን የቀረችኝን አንድ ዳይመንድ ጥዬ ወደ አሱ ተሻገርኩ። ሁለቱም ዳይመንድ ጣሉ። ንጉሡን ጣልኩ። ልብስ ሰፊው የመጨረሻዋን ዳይመንድ ጣለ፤ መምህሩ ጋ አልቆ ነበርና ሌላ ዓይነት ጣለ። አምስቱም ወጡ! ከዚያ እነዚያ ማንም የማይቆጥራቸው ትናንሾች አንድ በአንድ ዙር እየወሰዱ ወጡ። የቀሩትን ሁለቱን አሶቼን ስጥል ዘጠኝ ሞላ።

አባቴ ወንበሩን ጠረጴዛው አጠገብ አድርሶት ነበር። የመጣለት ሻይ ሳይጠጣ በርዷል።

ዝናቡ ሲያባራ አብረን ወደ መንደር ወጣን። የእንሰቱ ቅጠል ያንጠባጥባል፣ ዳሞታ ግማሹ በጉም ተሸፍኗል። ቁጣውን እጠብቅ ነበር። ወንዟ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ንጉሥ እያለሽ ለምን በመጀመሪያ ተሸነፍሽ?»

አስረዳሁት። አልገባውም። ሣር ቀጨና መንገዱ ላይ ደረደረው፤ ስድስት እዚያ፣ ሁለት እዚህ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በዳር ዞረው አልፈውናል፤ ሽማግሌው ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሣር ሲያነሣና ሲጥል ምን እንዳሉ እንጃ። በመጨረሻ ቀና አለ።

«አንደኛው ሰው ጋ አራት ቢኖርስ?»

«እሸነፍ ነበር።»

«ይህን አውቀሽ ነው የጣልሽው?»

«አዎ።»

ሳቀ። አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ብዙ አላየሁትም። እስከ ቤት ድረስ ጥያቄው አላባራም።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። በማግሥቱ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ ጠሩት፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

«ሄጄ በዓይኔ አየሁ» አላቸው። «ገንዘብ የለም፣ መጠጥ የለም። የሚሠሩት ሒሳብ ነው።»

በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አዛውንት ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «አንተን እናምናለን» አሉት። «ልጄ ግን ከተማ ውስጥ ደመወዙን በካርታ ይጨርሳል። ተው ስለው ‹የሽማግሌው ልጅ ትጫወት የለ?› ቢለኝ ምን ልበለው?»

ከሰዓት በኋላ አባቴ ጓሮ ጠራኝና ዓይኔን ሳያይ፣ «አልከለክልሽም፣ እንድትተዪው እለምንሻለሁ» አለኝ።

ቢከለክለኝ እከራከረው ነበር። ልመናውን ግን አልቻልኩትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልነግራቸው ሄድኩ። የመምህሩ ባለቤት ካርታው እንዳይንሸራተት ሁልጊዜ የምታነጥፈውን ግራጫ ብርድ ልብስ ከሣጥን አውጥታ እየዘረጋች ነበር፤ ክፍሉ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ነገርኳት። ብርድ ልብሱን መልሳ አጠፈችው። መምህሩ ካርታዎቹን እንደያዘ ቆሞ፣ «ሦስት ሰው አይሆንም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ሌላ ሰው ፈለጉ፤ አላገኙም። ከዚያ በኋላም ሻይ እየጠራችኝ እሄድ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ግን የሚታረም ደብተር እንጂ ሌላ አላየሁም።

ከአንድ ዓመት በኋላ የሥራ ውላቸው አለቀ። የሄዱ ዕለት ጠዋት አውቶቡሱ ጋ ስደርስ አባቴ ቀድሞኝ ቆሟል፤ ማንም አልነገረውም ብዬ ነበር። በጆንያ ጎደሬና ዝንጅብል ይዞላቸው መጥቷል። ከመምህሩ ጋር የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ ቆሙ። ባለቤቱ አቅፋኝ አለቀሰች። ልብስ ሰፊው ሻንጣቸውን ጣሪያው ላይ ሲያስር ይቀልድ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አቧራው እስኪበርድ አባቴ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«ያን ጊዜ የለመንኩሽ ጥፋት አይቼብሽ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አዋ።»

«ፈርቼ ነው።»

አባቴ ይህን ለማንም ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። ክንዱን ያዝኩት፤ በገበያው መሐል አልፈን ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን።