ሁለት ቁራጭ ፍላኔላ

ሱሪዬን ለማሳጠር አሰላ ገበያ፣ ሀሊሜ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው ሰውየውን ያየሁት። ወደ በቆጂ የሚወጣው ካሚዮን ጥሩንባውን ቢያንባርቅም ከጨርቁ ፊት ንቅንቅ አላለም። ካፖርቱ በደንብ ተቦርሿል፤ ጥቁሩ ቁልፍ ግን በነጭ ክር ተተክሏል፤ መቼም የሴት ስፌት አይደለም። የብርድ አንሶላ የሚሆነውን ፍላኔላ በመዳፉ ያሻሸዋል፣ ጉንጩ ላይ ያስጠጋዋል፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያነሳዋል።

«ባለመስመሩ ይሻላል ወይስ ነጩ?»

«አልጋው የስንት ሰው ነው ጌታዬ?» አለችው ሀሊሜ።

እንደ ፈተና ጥያቄ አሰበበት።

«አልጋውስ የሁለት ነው» አለ።

ጨርቁ ጠባብ ስለሆነ ለሰፊ አልጋ ሁለት ቁራጭ መሃል ላይ ይጋጠማል። ባለመስመሩን አስቆርጦ በረንዳው ላይ ለሚሰፋው ለከዲሮ ሰጠው።

«ላጋጥመው ወይስ ለየብቻ ልዘምዝመው?» አለ ከዲሮ።

ሰውየው ጨርቁን አየ፤ ከዚያ እኔ የማውቅለት ይመስል ወደ እኔ ዞረ።

«አጋጥመው» አለ በመጨረሻ።

ከዲሮ የስፌት መኪናውን መርገጥ ሊጀምር ሲል ግን ክንዱን ያዝ አደረገው።

«ወንድሜ፣ በመኪና አይሁን። በእጅህ ወስውሰው ብቻ፤ ምናልባት ካልመጣች የሚተረተር ይሁን።»