የጠላቴን ድምፅ የቀለብኩበት ክረምት

በቀቀኗ በረንዳዬ ላይ ያረፈችው እንጅባራ ገና ኮሶ በር በምትባልበት ዘመን፣ በሐምሌ አጋማሽ ነው። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። እኔ የስፌት መኪናዬን ከፍሳሹ አሽሽቼ፣ በሩ ጥግ ተቀምጬ፣ የአንድ ፈረሰኛ ግላስ፣ የፈረሱን ልብስ፣ ዳር ዳሩን በቀይ ክር እዘመዝም ነበር። አንዲት አረንጓዴ ወፍ፣ ራሷ ቢጫ፣ ከጣሪያው ሥር ሾልካ ገባችና የጨርቅ ቁርጥራጩ ክምር ላይ ቁጭ አለች። አንደኛው ክንፏ ተከርክሟል። እግሯ ላይ የክር ቁራጭ ታስሮበታል። ከዘንገና ጫካ የምትወጣ ዓይነት ወፍ መሆኗን አወቅሁ፤ ይህችኛዋ ግን ሰው ቤት የኖረች ናት። ትሂድ አላልኳትም፣ ትቀመጥም አላልኳትም። ገብስ በተንኩላት።

በዚያ ጊዜ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ብቻዬን እኖራለሁ። ደንበኞቼ ልኬታቸውን ይሰጣሉ፣ ልብሱ የሚደርስበትን ቀን ጠይቀው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ጨዋታ ከእኔ ጋር የለም። ሠርግ ቢጠሩኝ አልሄድም፣ ማኅበር አልጠጣም። አገሬው ኩሩ ነው ይለኝ ነበር አሉ። ኩራት አልነበረም። ከሰው ጋር ተቀምጬ ከምስቅ የያዝኩትን ቂም ይዤ ብቀመጥ ይሻለኝ ስለነበረ ነው።

ወፏ በመጣች በአራተኛው ቀን ተናገረች። በወንድ ድምፅ፣ ጥርት አድርጋ፣ «ቡዳ ነው አልኳቸው» አለች። ከዚያ ሳቀች። ሳቁ ከአፍንጫ ተነሥቶ መጨረሻው ሳል የሚሆን ሳቅ ነው። እግሬ የመኪናውን መርገጫ እንደረገጠ ቀረ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከዚያ ሰው በቀር እንደዚያ የሚስቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት በፊት ዳንግላ ነበርኩ። ሙያውን ከአንድ መምህር የተማርን ሁለት ነን፤ እኔና እሱ። አንድ ቁርበት ላይ ተኝተናል፣ አንድ ሱሪ ተራ በተራ ለብሰናል። አንዲት የባላገር ልጅ ታጨችልኝ። አባቷ የተከበረ ሰው ነው፤ እኔ ከአንዲት የኪራይ ሱቅ በቀር ምንም የለኝም፤ ልጅቱ ግን ወደደችኝ። አንደኛ ሚዜዬ እሱ ሊሆን ነው። አንድ ቀን የሠርጉን ልብስ አብረን ስንቆርጥ፣ እናቴ ለማንም እንዳልናገር ያስማለችኝን ነገር ነገርኩት። የእናቴ አባት ሸማኔ ነበር። በዚያ ዘመን ሸማኔ ማለት ምን ማለት እንደነበረ ያልኖረበት አያውቀውም። የሠራውን ጋቢ ለብሰው ያስቀድሱበታል፣ እሱን ግን በዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። የነገርኩት ወንድሜ ስለሆነ ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ እኔ ዘንድ ተቀብሯል አለኝ።

ለሠርጉ ሃያ ቀን ሲቀር የልጅቱ ቤተ ዘመዶች መጡ። የሰፋሁላትን ቀሚስ አጣጥፈው መለሱልኝ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ የቀዳሁላቸውን ጠላ ግን አንዳቸውም አልቀመሱም። ጠላው እንደተቀዳ ሲቀር ገባኝ። በሳምንቱ እናቶች በሱቄ ደጅ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ማን እንደተናገረ ስጠይቀው አብሮኝ አለቀሰ። በጊዮርጊስ ማለልኝ። ሱቁን ለቅቄ ስሄድ ዕቃዬን የጫነልኝ እሱ ነው፤ ደንበኞቼን የወሰደውም እሱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠረጠርኩ እንጂ አላወቅሁም ነበር። የነገረችኝ ወፏ ናት።

ያን ክረምት ሙሉ የጠላቴን ድምፅ በቤቴ ቀለብኩት። የተቀቀለ ድንች በጣቴ አጎርሳታለሁ። ቁልፍ ከልብስ ላይ ትነቅላለች፣ ክር ትተረትራለች፣ ትከሻዬ ላይ ወጥታ የጆሮዬን ጫፍ ቀስ አድርጋ ትነክሳለች። በስምንት ዓመት ውስጥ በፍቅር የነካኝ ፍጡር እሷ ብቻ ነበረች፤ አፏን በከፈተች ቁጥር ደግሞ የሚወጣው እሱ ነው። ስታስነጥስ ይማርሽ እላታለሁ። ያን ቃል ስትናገር፣ ቆይ፣ ጊዜ አለ እላታለሁ። ሰው ቢሰማኝ አብዷል ይለኝ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ አንዲት ሴት ደጄ ቆመች። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራዋለች።

«ወንድሜ፣ በዚህ በኩል በቀቀን አላየህም?» አለችኝ።

አላየሁም አልኳት። ይህን ብዬ ሳልጨርስ ከጓዳ ድምፁ መጣ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። መድረኩ ላይ ተቀመጠችና ዝናቡን ማየት ጀመረች። ውሸቴ ሲያሳፍረኝ ወፏን አምጥቼ ያንቺ ናት ወይ አልኳት።

«የባሌ ነበረች» አለች። «ከጫጩትነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። በቤቱ ውስጥ የሚወደው ነገር እሷን ብቻ ነበር። ሲያስወጣኝ እሷን ይዤ ወጣሁ።»

«ትወጃታለሽ?»

«ድምፁን መስማት አልችልም። ወደ እሱ እንዳትመለስ ብዬ ነው የምፈልጋት።»

ወፏ ቃሉን ከየት እንደተማረችው ጠየቅኋት። ባሏ እንግዳ ሲጋብዝ የሚያወራት አንዲት ጨዋታ እንዳለችው ነገረችኝ። ከማዕረጉ በላይ ሊያገባ የተነሣ አንድ ሞኝ ጓደኛ ነበረው፤ እሱ ለልጅቱ አጎት አንዲት ቃል ብቻ ጣል አደረገ፤ ሠርጉ ፈረሰ። ጨዋታዋን በጨረሰ ቁጥር እንግዳው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፤ ወፏም እዚያ ላይ ሲደርስ እየሰማች ቃሉንና ሳቁን ለመደች።

«ሞኙ እኔ ነኝ» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አጭር ነው ይል ነበር» አለች።

እሷ ከእሱ ጋር ስድስት ዓመት ኖራለች። ልጅ አልመጣም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የእሷ ማሕፀን ድንጋይ ነው ብሎ ተናገረ፤ በሳምንቱ ልብሷን በር ላይ አስቀመጠላት። ኮሶ በር የመጣችው አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ነው፤ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። ወፏን ያን ቀን አልወሰደቻትም። አንተ ዘንድ ትሁን፣ አንተን አትረብሽህም አለችኝና ሄደች። በሳምንቱ ገብስ ይዛ መጣች። በሌላው ሳምንትም መጣች።

ሌሎች ሰዎች ሲዋደዱ ስለ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። እኛ የምናወራው እሱ ምን ቢደርስበት ደስ እንደሚለን ነበር። እኔ ቤቱ ቢቃጠል፣ እጁ ቢሰበር እላለሁ። እሷ እየፈተለች ራሷን ትነቀንቃለች። አይሙትብኝ፣ ይኑርና ይፈር ትለኛለች። ይህን ስትል እንዝርቷ አይቆምም፤ እኔም እንዝርቱንና ጣቶቿን አያለሁ። ሳትመጣ የቀረች ቀን ሥራ እንደማይሄድልኝ ያወቅሁት በመስከረም ነው።

ከመስቀል በኋላ ከአዲስ ቅዳም ወገን አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ለልጃቸው የሠርግ ልብስ ሊያሰፉ ነው። ልኬቷን ይዘው የመጡት በገመድ ነው፤ አንዱ ቋጠሮ ወገቧ፣ አንዱ ትከሻዋ፣ አንዱ ቁመቷ። አብሯቸው ከመጣው ሰው ጋር በአገውኛ ተነጋግረው ወደ እኔ ሲዞሩ በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፤ ሙሽራው ራሱ የዳንግላ ልብስ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የልጃቸውን ልብስ በባሏ እጅ ማሰፋት ለአባት ነውር ስለሆነባቸው ወደ እኔ መጡ። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ሙሽራውና ሽማግሎቹ በሦስተኛው ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ልብሱ ያን ቀን ቢደርስላቸው ደስ ይላቸዋል። የሙሽራውን ስም ነገሩኝ፤ እሱው ነው። ገመዱን በእጄ ይዤ፣ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ አልኳቸው።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀሚስ አሳምሬ የሰፋሁት ልብስ የለም። ምክንያቱን እግዜር ያውቀዋል።

ነገሩን ለዚያች ሴት ነገርኳት፤ በቅዳሜው ማለዳ እሷና እኔ በእግር ተነሣን። ወፏን አገልግል ውስጥ አድርገን ክዳኑን በወስፌ በሳስተንላታል። ተራ በተራ እንሸከማታለን። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወንዝ ስንሻገር እጄን ያዘች፤ ከተሻገርንም በኋላ አልለቀቀችም።

ሽማግሌው ቤት ስንደርስ የቤቱ እመቤት አገልግሉን ምሳ መስሏት ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። የክር ዕቃ ነው ብዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። የኔይቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። እሱ ከሦስት ሽማግሎች ጋር መጣ። ወፍሯል፤ ነጭ ኮት ለብሷል። ሲያየኝ አንድ አፍታ ደንግጦ ቆመ፣ ወዲያው ግን አቅፎ ሳመኝ፤ ለሽማግሎቹም አብሮ አደጌ ነው ብሎ አስተዋወቀኝ። ጉንጬ ላይ የቀረውን ምራቁን አልጠረግሁትም።

ወፏ ዝም አለች። ሽማግሎቹ ስለ ዘር ተነጋገሩ፣ ስለ ጥሎሽ ተነጋገሩ፣ ቀን ሊቆርጡ ነው። ክዳኑን በእግሬ ጣት ነካ ነካ አደረግሁ። ምንም የለም። ከቤቱ ማዶ እሷን አየኋት፤ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ያ ሁሉ መንገድ ከንቱ ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ። አባትየው በአማቻቸው ለመቀለድ ብለው፣ ልጄ ክር ከበጠሰች እንዳትቆጣት አሉ። እሱ ሳቀ።

ያን ጊዜ ከአገልግሉ ሌላ ሳቅ መለሰለት። ከአፍንጫ ተነሥቶ ሳል ሆነ። «ቡዳ ነው አልኳቸው» አለ ድምፁ። ደግሞ መልሶ አለው።

ቤቱ ጸጥ ሲል ክዳኑን ከፈትኩት። ወፏ ወጥታ ምንጣፉን በእግሯ ተሻገረችና የሙሽራው ጉልበት ላይ ወጣች፤ ከጉልበቱ ወደ ትከሻው ወጥታ ጆሮውን ነከስ ነከስ አደረገችው። ወፏ የማን ናት ሲሉት አላውቃትም አለ። የኔይቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ፊቷን ገለጠች።

«ያንተ ናት» አለችው። «እኔም ያንተ ነበርኩ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳወራኸው ለአባት ንገራቸው።»

አባትየው ወደ እሱ አላዩም። ወደ እኔ ዞረው፣ ቡዳ የተባለው ሰው ማን ነው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። እውነት ነው ወይ አሉኝ።

«የእናቴ አባት ሸማኔ ነበር» አልኳቸው። «ሰው አልበላም። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሚዜዬ ሊሆን ለነበረው።»

ሽማግሌው የለበሱትን ጋቢ ጫፍ በጣታቸው ይዘው ሽመናውን አዩ። ከዘመዶቻቸው ጋር በአገውኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። ከዚያ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ፣ «የወንድሙን ገመና ያወጣ ሰው የልጄን ገመና አይሸፍንልኝም። ዛሬ ቀን አንቆርጥም» አሉ። እሱ ወፏን ከትከሻው ላይ በክንዱ መትቶ ጣላትና ወጣ። ሽማግሎቹም ተከተሉት። የኔይቱ ወፏን አንሥታ አገልግሉ ውስጥ መለሰቻት።

ልብሱን ለሙሽሪቱ ላስረክብ ወደ ጓዳ በር ሄድኩ። ልጅቱ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። ከተማ እሄዳለሁ ብላ ተስፋ አድርጋ ኖሯል። ቀሚሱን ተቀብላኝ፣ «አንተን ማን ጠራህ?» አለችኝ። ዋሽቼ ግን ተጸጸትኩ አልልም። ስንመለስ መንገዱን እያፏጨሁ ነው የሄድኩት።

አዲስ ቅዳምን ካለፍን በኋላ የኔይቱ አገልግሉን አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አሁን ስለ ምን እናወራለን አለችኝ። የማወራው ሳጣ፣ ቤቴ ግቢና እንፈልጋለን አልኳት። ልጅ አልወልድልህም አለችኝ። ወሬ እንጂ ልጅ አልጠየቅሁሽም አልኳት። በኅዳር ሰማንያ ተፈራረምን። የአክስቷ ልጅ ምስክር ሆነ። እኔም ከስምንት ዓመት በኋላ ሠርግ ቤት በላሁ፤ የራሴን።

የአዲስ ቅዳሙ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ዳንግላ ገብቶ ነበር። ገበያ ውስጥ ሲስቅ ሰው ዞር ብሎ ያየው ጀመር አሉ፤ ከጀርባው የሚያስተጋቡለትም ነበሩ። ቀስ በቀስ መሳቁን ተወ። ይህን የነገረኝን ነጋዴ አስቀምጬ ሁለት ጊዜ ደግሞ እንዲነግረኝ አደረግሁት። የወፏ ክንፍ በሁለተኛው ዓመት አደገ። አንድ ጠዋት በደጃችን ሾላ ላይ ካረፉት የጫካ በቀቀኖች ጋር ተነሥታ ሄደች። ሚስቴ እፎይ አለች። እኔ ግን ሥራ ፈትቼ ሳምንት ሙሉ ዛፍ ዛፉን ሳይ ሰነበትኩ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት አልፎ፣ በዐቢይ ጾም፣ እሱ ታሞ ሽማግሌ ላከብን። ይቅር በሉኝ ይላል። ሚስቴ ለራሷ ይቅር ብዬዋለሁ አለቻቸው። እኔ ጠላ ቀድቼላቸው፣ ጠጥተው ሲጨርሱ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው፤ መልስ ግን አልሰጠሁም። እሷንም አኮረፍኳት። ሁለት ቀን አላናገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን የድንች ወጥ አቀረበችልኝ።

«እኔ የተውኩት የራሴን ቂም ነው፤ ያንተን ድርሻ አልነካሁም» አለችኝ።

በላሁ። ድርሻዬ እስከ ዛሬ አለኝ።